የሃምሳ አለቃው ቃሬዛ

ወይናምባ ውስጥ ሰው ለአጨዳ ተሰባስቦ አንዱ ጉልበተኛ ሌላውን ጥሎ መፈትለክ ሲጀምር፣ ከመሃል አንድ ትልቅ ሰው ስለ ቃሬዛ አንድ አባባል ጣል ያደርግበታል። እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል፤ አጨዳና ቃሬዛን ምን አገናኛቸው ይላል። የአገሩ ሰው ግን ይስቅና ወደ ሃምሳ አለቃ ደምለው ዞር ብሎ ያያል። ነገሩ የመጣው ከሳቸው ነዋ።

ወይናምባ ዳገት ላይ ጉብ ያለች ሰፈር ናት። መኪና የሚደርሰው ታች ወንዙ ማዶ ነው፣ ጤና ጣቢያውም እዚያው። ሰው ሲታመም በሁለት ረጃጅም እንጨት መሃል ጠፍር በተወጠረበት ቃሬዛ ይወርዳል። ከአሥራ ስድስቱም ቤት አንድ አንድ ሰው ይወጣል፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ የቀረው ይከተላል፣ ትከሻው የዛለው "ተቀበለኝ" ሲል ከኋላ ያለው ይገባለታል። ቃሬዛ ወጥቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ነውር ነው።

ሃምሳ አለቃ ደምለው ሃያ ሁለት ዓመት በውትድርና ኖረው ጡረታ ወጥተው ሲመጡ፣ ሰፈሩ ደስ ብሎት የቃሬዛው ማኅበር አለቃ አደረጋቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። ከተመለሱ ወዲህ ግን አንዴ ቃሬዛ ሲወርድ አይተው ነበርና ሥርዓቱ አልጣማቸውም። አጭሩም ረጅሙም፣ ሽማግሌውም ጎልማሳውም፣ እንደ ገበያ መንገደኛ ተደበላልቆ ይሄዳል። "ይሄ ጓድ አይባልም፣ መንጋ ነው" አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር አሰለፉና ፊሽካ እየነፉ ወዲያና ወዲህ አስኬዷቸው። ከዚያ አራት ረጃጅም፣ ደረታቸው የሰፋ ጎልማሶች መረጡ። ከዛሬ ጀምሮ ተሸካሚ እነዚህ ናቸው፣ ሌላው ቤቱ ይቀመጥ፣ ሰው ሲበዛ መንገድ ይዘጋል አሉ።

ከተባረሩት አንዱ ጫንያለው ነው። ጫንያለው የሃምሳ አለቃው የልጅነት ጓደኛ ነው፣ ቁመቱ ከሳቸው ብብት አያልፍም። ከአራቱ አንዱ፣ ዓለምዘውድ የሚባለው ግንደ ረጅም፣ ሲያየው ሳቀበትና፣

"ጋሽ ጫንያለው፣ አንተ ቃሬዛው ስር ገብተህ ከፀሐይ ተጠለልበት" አለው።

"እኔማ መሬቱ ይቀርበኛል" አለ ጫንያለው ሳይቆጣ፣ "እናንተ የምትረግጡትን ድንጋይ የማየው እኔ ነኝ።"

ሰው ሳቀ፤ ሃምሳ አለቃው አልሳቁም። ወታደር ቤት ቀልድ የለም።

ጥቅምት ላይ የገዛ ልጃቸውን ትርንጎን ምጥ ያዛት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሃምሳ አለቃው ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፣ ልጁም የመጀመሪያዋ ነው። አማቷ እትዬ አምሳል ስንቱን ያዋለዱ ሴት ናቸው። ጠዋት ሆዷን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ደጅ ወጥተው፣ ልጁ ተጋድሟል፣ ይሄ ከኔ እጅ ያለፈ ነው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን አሉ።

ፊሽካው ተነፋ። አራቱ ጎልማሶች መጡ፣ ትርንጎን ጋቢ አልብሰው አወጧት፣ ቁልቁለቱን ተያያዙት። እውነቱን ለመናገር ሲጀምሩ ያምራሉ። ሃምሳ አለቃው ከፊት ከፊት እየሮጡ "ፍጠን፣ ፍጠን" ይላሉ። እትዬ አምሳል ነጠላቸውን አደግድገው፣ የትርንጎን እጅ ይዘው ከጎን ይንደረደራሉ። ከተባረሩትም ቤታቸው ያልተቀመጡ ነበሩ። ጫንያለውና ሦስት ሽማግሌዎች ፊሽካውን ፈርተው ራቅ ብለው ይከተላሉ።

ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ትከሻ ዛለ። "ተቀበለኝ" የሚሉት ሰው የለም። ሃምሳ አለቃው ጠንክር ይላሉ፤ ሰው ደግሞ በትእዛዝ አይጠነክርም። ከኋላ ከተሸከሙት አንዱ የላላ ድንጋይ ረገጠና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፣ ተቀመጠ። ጫንያለው ከኋላ ደርሶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ገብቶ እንጨቱን ያዘ። ሃምሳ አለቃውም ምርጫ የላቸውምና አላባረሩትም።

ረጃጅሞቹ ግን በዚያው ሩጫቸው ቀጠሉ። ፊት ያለው ይጎትታል፣ ጫንያለው እንደ ጥጃ ይጎተታል፣ ቃሬዛው በሱ በኩል ዘመመ። ትርንጎ ተንሸራተተች። እትዬ አምሳል በደረታቸው ደገፏት እንጂ ገደል ነበር።

"ደምለው" አለ ጫንያለው። ማዕረጉን አልጠራም። "ልጅህን ልትጥላት ነው።"

ሃምሳ አለቃው "ቁም" አሉ፣ ሁሉም ቆመ። የልጃቸውን ፊት አዩ፤ አመድ መስሏል። ፀሐይዋ ደግሞ ወደ አናት እየቀረበች ነው። ያኔ ለሃያ ዓመት ትዝ ብሏቸው የማያውቅ ነገር መጣባቸው። ምልምል ሳሉ በረዥም ጉዞ ላይ ተረከዛቸው ተልጦ ሲያነክሱ፣ የመቶው አዛዥ ይገርፈኛል ብለው ሲጠብቁ፣ እጃቸውን ይዞ ከሰልፉ ፊት አቆማቸው። ዛሬ አዛዡ የዚህ ሰው እግር ነው፣ ማንም እንዳይቀድመው አለ። ጓዶቹ አጉረመረሙ፤ ማታ ሲቆጠሩ ግን አንድ ሰው አልጎደለም።

ሃምሳ አለቃው ፊሽካውን ከአንገታቸው አወጡና ለጫንያለው ዘረጉለት።

"እርምጃውን አንተ ጥራ። ሁላችንም ባንተ እንሄዳለን።"

ጫንያለው ፊሽካውን አልተቀበለም። "ለወላድ በፊሽካ አይኬድም" አለ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ በቁመት የሚመጥነውን ጠራና ሁለቱ አጫጭሮች የኋላውን ያዙ፤ ቁልቁለት ነውና ረጃጅሞቹ ከፊት ሆኑ፣ ቃሬዛው ልክ እንደ አልጋ ተዘረጋ። ጫንያለው እግሩን ሲያነሳ "ማርያም" አለ። ሁሉም አብረው አነሱ። "ማርያም።" ሌላውን እግር። ምጥ ለያዛት ሴት ድሮም የሚባለው ይኸው አይደል? እትዬ አምሳልም ተቀበሉት፣ ትርንጎም በዚያ በደከመ ድምጿ አብራ አለች። ሃምሳ አለቃውም ከሚከተሉት ገቡ፤ ዓለምዘውድ "ተቀበለኝ" ሲል ቀድመው ትከሻቸውን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሩጫ አልነበረም፤ መቆምም ግን አልነበረም። ጫንያለው ከኋላ ሆኖ ቀኝ ድንጋይ አለ፣ ግራ ረግረግ አለ እያለ ወንዙን አሻገራቸው።

ጤና ጣቢያው ደጅ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ አልወጣችም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነርሷ ብቅ ብላ፣ ሴት ልጅ ናት፣ እናትየውም ደህና ናት አለች። ሃምሳ አለቃው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ፤ እንባቸውን ያየ ሁሉ ያላየ መሰለ። እግዚአብሔር ሲፈቅድ እንዲህ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አሥራ ስድስቱንም ሰበሰቡ። ማንንም አላባረሩም፤ በየቁመቱ ጥንድ ጥንድ አደረጓቸው፣ ትከሻ የሚለዋወጡበትን ቦታ በመንገዱ ዛፎች ላይ ምልክት አደረጉላቸው፣ እርምጃ ጠሪ ጫንያለው ሆነ። ያ ቁርጭምጭሚቱ የዞረውም በምርኩዝ መጥቶ ተሰለፈ።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ሰፈሩ ሁሉ ግብዣው ላይ ነበር። ዓለምዘውድ ጠላውን ይዞ ተነሳና፣ ይቺን ልጅ ያተረፈ ሃምሳ አለቃ ከወታደር ቤት ያመጡት ትምህርት ነው ብሎ አሞገሳቸው።

"ትምህርቱንስ ይዤው መጥቼ ነበር" አሉ ሃምሳ አለቃው። "ከሻንጣዬ አስቀድሜ ያወጣሁት ግን ፊሽካውን ነው።"

ሰው ሳቀ፣ ጫንያለውም ሳቀ። እትዬ አምሳል ግን ሕፃኗን እንዳቀፉ ረጅሙን ዓለምዘውድን ቀና ብለው፣ አጭሩን ጫንያለውን ዝቅ ብለው አዩና፣ "እንግዲህ ልጆቼ፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ" አሉ፤ "ረጅም ቢቸኩል ቃሬዛ አዘመመ፣ አጭሩን ቢጠብቅ ታማሚው ታከመ።"