ረግረግ ውስጥ ያለችው ግልገል

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ ልብ ያለው ይያዝልኝ።

በድሮ ዘመን ጉሬዛ፣ ዝንጀሮና ጦጣ የጫካው ሊቃውንት ነበሩ። ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ከየዛፋቸው እየተጯጯሁ «ብርቱ ለደካማ ምን ማድረግ ይገባዋል?» እያሉ ይከራከሩ ነበር።

አንድ ቀን ሚዳቋ እያለከለከች መጣች።

«ጌቶቼ፣ ልጄ ረግረግ ውስጥ እየሰመጠች ነው! እኔ እጅ የለኝም፤ እባካችሁ ጎትታችሁ አውጡልኝ!»

ካባ ለባሹ ጉሬዛ ደስ አለው። «ግሩም ምሳሌ አመጣሽ!» አላት።

«ኧረ ምሳሌ አይደለም፤ ልጄ ናት!»

ዝንጀሮ ረጅም እጁን እያወናጨፈ «የሚሰምጡት ሁለት ቢሆኑስ? የትኛው ይቅደም?» አለ።

ጦጣም ከማዶ «የጅብ ልጅ ብትሆንስ?» ሲል መለሰለት።

ክርክሩ ጦፈ። ሚዳቋ አንዴ ወደ ዛፎቹ፣ አንዴ ወደ ረግረጉ ስትሮጥ ዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የልጇ ጩኸት ጠፋ።

ሊቃውንቱ ግን ምሳሌዋን ወደዷት። ዛሬም ክርክር ሲከፍቱ «ረግረግ ውስጥ አንዲት ግልገል አለች እንበል፤ እየጮኸች ነው…» ብለው ይጀምራሉ። ሚዳቋም በየማለዳው ከዛፎቹ ሥር መጥታ ጆሮዋን ታቆማለች። ልጇ በሕይወት ያለችው በእነሱ አፍ ብቻ ነዋ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ የሷን ልጅ እንኳ የሚመልስ የለም።