የሚያቀርብ ሌንስ

አንዲት ሴት ነበረች። እሷ ሐዋሳ፣ እናቷ እማማ ደብሪቱ ደግሞ ሰላሌ። እናት ንብ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን እግራቸው ከአልጋ አልወርድ ብሏል። ልጃቸው በደወለች ቁጥር የሚሏት አንድ ነገር ነው፦ አደይ ላይ የምታርፈውን ንብ አንዴ ደግሜ ባየኋት።

የልጅ አንጀት አልቻለም። ንቧን ፎቶ አንስቼ ላሳያቸው ብላ ካሜራዋን ይዛ ካሜራ መሸጫ ገባችና፣ "የሚያቀርብ ሌንስ ስጠኝ" አለች። ሰጣት፤ ክንድ የሚያህል።

ለእንቁጣጣሽ ሰላሌ ሄደች። ጓሮው አደይ በአደይ ሆኗል። ወደ ንቧ ጠጋ ስትል ምስሉ ይደበዝዛል። ራቅ ስትል ይጠራል፤ ንቧ ግን ነጥብ ታክላለች። ጠጋ፣ ራቅ፤ ጠጋ፣ ራቅ። እንዲህ ስትል የዕረፍት ፈቃዷ አለቀ፤ እናቷ አጠገብ እንኳ በወጉ ሳትቀመጥ ተመለሰች።

ሻጩ ሲሰማ ሳቀ። ካሜራው ምንም አይልም፣ የሳትሽው ሌንሱን ነው አላት። "ይሄ የሩቁን ነው የሚያቀርበው፣ እህቴ። አንቺ የፈለግሽው አንቺው ራስሽ እንድትቀርቢ የሚያደርግሽን ነው።" ለጥቃቅን ነገር የተሠራ አጭር ሌንስ ቀየረላት።

ጥቅምት ሲገባ ተመልሳ ሄደች። አደዩ ረግፎ አጥሩ ሥር ጥቂት ቀርቷል። ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ አፍንጫዋ አበባው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ትንፋሿን ዋጠች፤ ንቧን እግሯ ላይ ከያዘችው ብናኝ ጋር አነሳቻት። እየሮጠች ገብታ ካሜራውን ለእናቷ ዘረጋች።

እናት ምስሉን አላዩትም። ለካ ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ በስልክ አልነገሯትም። ፊቷን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ጣታቸው ላይ የአደይ ብናኝ ቀረ።

"እንዲህ ቅረቢኝ እንጂ ልጄ" አሏት። "ንቧንማ ሰበብ አድርጌ ነው።"

ወገኖቼ፣ እኛስ የያዝነው የትኛውን ሌንስ ነው? ስልካችን ያቀርባል። ጸሎታችንም "ጌታ ሆይ፣ አቅርብልን" ነው። አቅርብልን፣ አቅርብልን! እኛ የምንቀርበው መቼ ነው? የታመመውን ከሩቅ አየነው። የተጣላነውን ከሩቅ ታዘብነው። እግዚአብሔርንም ደጅ ቆመን ናፈቅነው፤ ግቡ ሲለን ግን ጉልበታችን ጭቃ እንዳይነካው ሰሰትን።

መናፈቅ ደግ ነው፤ እኔም እናፍቃለሁ። ግን ናፍቆት ብቻውን መቼ ሰው አቅፎ ያውቃል?

አደይ ለማንም ብሎ አይቆይም። ንቧን ሰበብ አድርጎ እናንተን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አትደውሉለት። ሂዱ።