ለሶፋው የተሠራ ቤት

አንድ ሰው ነበረ። ይታገሱ ልጄ፣ በል ፕላንህን እጠፍና ስማኝ። «አክስቴ፣ የምሠራው ቤት ሳሎኑ ስንት በስንት ይሁን?» አይደል ያልከኝ? ሜትሩን መሐንዲሱ ይለካልሃል። እኔ የሰውየውን ነገር ልንገርህ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ነው።

እናልህ ይህ ሰው እህል ነጋዴ ነው። ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ፣ ሦስት ልጆች እግሩ ሥር እንደ ጫጩት የሚራወጡለት ሰው። ምንም አልጎደለውም። አንድ ነገር ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል፤ ታላቅ ወንድሙ ቤቱን ከረገጠ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው።

ወንድሙ ደግሞ እንዲያው ወንድም ብቻ እንዳይመስልህ። አባታቸው ቀድሞ ሞቶ፣ ይህን ነጋዴ አሽኮኮ አድርጎ ወንዝ እያሻገረ ያሳደገው እሱ ነው። ሚስት ሲያጭም ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት እሱ ነው። ነጋዴው «ወንድምጋሼ» ሲል አፉን ሞልቶ ነበር የሚጠራው፤ አባቱን እንዲህ የማይጠራ ስንት ሰው አለ!

ታዲያ ምን አጣላቸው? የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና። ያኔ ነጋዴው የሚኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። የክርስትናው ዕለት ሰው ታጭቆ፣ ጉልበት ከጉልበት ተነካክቶ፣ አንዱ ሲጎርስ የሌላው ክርን ይነቃነቃል። ወንድሙ ከገጠር በግ እየጎተተ ደረሰና በሩ ላይ ቆመ። ካፊያ ነበር። የሰዉ ሁሉ አፉ በምግብ፣ እጁ በብርጭቆ ተይዟል። ነጋዴው ከወዲያ ጥግ ሆኖ አየውና በእጁ «መጣሁ፣ መጣሁ!» አለው። ከዚያ አንዱ ጠላ ጨምርልኝ አለ፣ ሌላው ና ልመርቅህ አለ፤ ረሳው! ካፊያው የወንድሙን ጀርባ አራሰው። ጥቂት ቆየና በጉን አጥሩ ላይ አስሮ በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

በኋላ ለእርቅ ሽማግሌ ቢላክበት የመለሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሱ ቤት ለእኔ መቀመጫ የለም።»

ነጋዴው ይህን ሲነግሩት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «መቀመጫ! መቀመጫ ነው ያጡት! መቀመጫማ እኔ እሠራላቸዋለሁ!»

ጊዜው ደግ ሆነለትና አስፋልት ዳር መሬት አገኘ። ግንበኛ አስጠራ። ግንበኛው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ብዙ ቤት ያየ ሰው ነው። ቦታውን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ የጠየቀው ስለ ግንብ አይደለም።

«ጌታው፣ እናንተ ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትቀመጡት?»

«እኛ? እኛማ የትም እንቀመጣለን! እርስዎ ሳሎኑን ብቻ ያስፉልኝ። ፊቱም ወደ አስፋልቱ ይሁን።»

«ፊቱን ወደ አስፋልቱ ካዞርነው ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል፤ ፀሐይ የምትወጣው ከኋላ ነው። እንግዲያው በኋለኛው ግድግዳ አንድ ሰፊ በር ልክፈትና ከማድ ቤቱ ጋር ይገናኝ። ብርሃኑም ይገባል፣ ወጡም ሳይበርድ ይደርሳል።»

«ምነው አባባ! ወንድምጋሼ ተቀምጠው ሽንኩርት ይሽተታቸው? የልጅ ጩኸት ይስሙ? ድፍን ይሁን! ማድ ቤቱም እኛም ከኋላ ሰርቪስ ቤት እንሆናለን።»

ግንበኛው ሜትሩን ጠቀለለ። «እኔ የታዘዝኩትን እሠራለሁ» አለ። «ግን ሰፈሬን አይርሱት፤ አንድ ቀን መጥተው ይጠሩኛል።»

ቤቱ አለቀ። የእኔ ልጅ፣ ሳሎን እልሃለሁ! ጮክ ብለህ ከተናገርክ ድምፅህ ዞሮ መጥቶ ራስህን ሰላም ይልሃል። ጣሪያው ጂፕሰም ነው፣ አበባ አበባ የተሠራበት። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ድመቷ አይጥ ስታባርር ገብታ መቆም አቅቷት ከቡፌው እግር ጋር ነው የተላተመችው። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ በሽ በሽ፤ አንዱም ውኃ ቀምሶ አያውቅም። ሶፋዎቹ ከነፕላስቲካቸው፣ በፕላስቲኩ ላይ ዳንቴል። ከሁሉም ፊት ደግሞ አንድ ነጠላ ሶፋ አለ፤ ክንዱ ሰፊ፣ ጀርባው እንደ ጳጳስ ወንበር ቀጥ ያለ። የወንድምጋሼ ነው። ማንም አይቀመጥበትም፤ ነጋዴው ራሱም ሞክሮት አያውቅም።

ቁልፉ ከነጋዴው ወገብ አይለይም። ልጆቹ ሳሎን የሚገቡት ለዓመት በዓል ነው፤ ጫማ አውልቀው፣ እጅ ታጥበው፣ በተራ። አንድ ፋሲካ ትንሿ ልጅ ደፉ ላይ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ተሳልማ ገባች። ምን ታድርግ! ሰው ጫማውን አውልቆ ዝም ብሎ የሚገባበት ቤት የምታውቀው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ባለቤቶቹስ? ባለቤቶቹማ ከኋላ ሰርቪስ ቤት፣ በሁለት ጠባብ ክፍል! ሚስቱ እዚያው ታበስላለች፣ ልጆቹ እዚያው ያጠናሉ፣ ጎረቤት ሲመጣም እዚያው መደቡ ላይ ነው። የተከበረ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ግን ሚስትየዋ ሳህን ይዛ ቤቱን ሙሉ ትዞራለች። ክረምት ከሆነ ለወጡ ጃንጥላ ተይዞለት ነው የሚሄደው። ሲደርስ ቅባቱ ረግቷል።

አንድ ቀን ታዲያ እሷም እንደ ምሬትም እንደ ቀልድም አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ለሶፋው ቤት ሠራህለት፤ እኛን የሶፋው ጎረቤት አደረግኸን። ጎረቤት ደግሞ ይጠያየቃል፤ ይሄ ሶፋህ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አላየንም!»

ልጆቹ በሣቅ ፈነዱ። ነጋዴውም ሊስቅ ነበር፤ ያ የዓሣ አጥንት ያዘው። «ወንድምጋሼ ይምጡ ብቻ» አለ። «ያን ጊዜ ታያላችሁ።»

በጥቅምት ሰው ላከ። «ወንድምጋሼ፣ መቀመጫ አለልዎት፤ ሌላ ሰው ያልተቀመጠበት» ብሎ ላከ። ወንድሙም አርጅቷል፣ ናፍቆታልም፤ ልቡ እሺ አለው። አንድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግድም እሸት ባቄላ በጆንያ ተሸክሞ ከች አለ።

ነጋዴው ከመቸኮሉ የተነሣ ቁልፉ አልገባ አለው። እንደምንም ከፈተ። «ይግቡ ወንድምጋሼ! ይኸው ወንበርዎ!» ወንድሙ ያንን ወለል አየና ጫማውን አወለቀ። ነጋዴው «ኧረ ተዉ፣ አያውልቁ» ማለት ነበረበት፤ ሴራሚኩ አሳዘነው። እሸቱም የት እንደሚቀመጥ ጨነቃቸው፤ በመጨረሻ ወደ ኋላ ተላከ።

ወንድሙ ነጠላው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ፕላስቲኩ ቿ አለ። ሶፋው ጥልቅ ስለሆነ ወደ ኋላ ቢል እግሩ ይንጠለጠላል፣ ወደ ፊት ቢል ይንሸራተታል። ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«እንዴት ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ባለቤትህ?»

«ደህና ናት፤ ወጥ እየሠራች ነው።»

 የግድግዳው ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ያ ክፍል የጠዋት ፀሐይ አይቶ አያውቅምና ወንድሙ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። አንድ ጉዳይ ይዞ ቢሮ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መሰለ። ነጋዴው ስምንት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀውን የይቅርታ ቃል ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጠረጋው ራሱ ጣሪያውን መትቶ ሲመለስበት አፈረ። ዋጠው።

«እስቲ እጄን ልታጠብ» አለና ወንድሙ ተነሣ።

«ከኋላ ነው፣ በዚህ ዞረው።»

ሄደ።

ነጋዴው ጠበቀ። ቀጭ፣ ቀጭ። ነጠላው ሶፋ ላይ የወንድሙ መቀመጫ ጎድጎድ ብሎ ነበር፤ ያም ጎድጓዳ ቀስ እያለ ሞላና ማንም ያልተቀመጠበት ሆነ። ወንድሙ አልተመለሰም። «ሄዱ!» አለ ነጋዴው በልቡ። «እንደዚያን ቀን ሄዱ! አሁን ደግሞ ምን ሠርቼ ልጥራቸው?» በባዶ እግሩ ወጣና ወደ ግቢው በር ሮጠ። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ዞር ሲል የወንድሙ ጫማ ሳሎኑ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ከኋላ የሣቅ ድምፅ ሰማ። እንዲህ ያለ ሣቅ ከዚያ ሳሎን ወጥቶ አያውቅም።

ቤቱን ዞረና ሰርቪስ ቤቱ ደፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

ፀሐይዋ በትንሿ መስኮት ገብታ ክፍሏን ሞልታዋለች። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ሁሉም እሸቱን መሐል ዘርግፈው ይፈለፍላሉ። መደቡ ላይ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ተጣብቆ፣ ትንሿን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወንድምጋሼ! ኋላ እንደነገሩት፣ ብቅ ሲል ሁሉም «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ፤ እሱም «በእግዜር!» አለ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ጠጋ ጠጋ አሉለት፤ በቃ፣ ተቀመጠ። እጁንም አልታጠበ።

«አባታችሁ እኮ» እያለ ነው ለልጆቹ፣ «አሽኮኮ አድርጌው ወንዝ ስሻገር ሁልጊዜ ሽንቱ የሚመጣው መሐል ላይ ስንደርስ ነው! ከታች በወንዝ፣ ከላይ በእሱ!»

ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። ነጋዴው ግን አልሳቀም። ደፉ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም። ጉልበት ከጉልበት ተነካክቷል። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ከጀርባው ብርድ፣ ከፊቱ ሙቀት። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ወንድምጋሼ ያን ቀን የቆሙት እንዲህ ነበር። እንዲሁ ደፍ ላይ፣ ሁሉን እያዩ፣ ማንም ሳያያቸው፣ ያውም በካፊያ።

ወንድሙ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ዝም ቢለው ይችል ነበር እኮ! ስምንት ዓመት የያዘውን ቂም በዚያች ቅጽበት ሊወጣው ይችል ነበር።

«ኧረ እናንተ ልጆች!» አለ። «አባታችሁ ቆሟል እኮ! ጠጋ በሉለት!»

አንዱ ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ሌላው ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ሚስትየዋ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ልክ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ተገኘ። ነጋዴው ገብቶ ተቀመጠ። ትከሻው የወንድሙን ትከሻ ነካ።

«ወንድምጋሼ፣ ሶፋው እኮ ለእርስዎ ብዬ...»

«የምን ሶፋ ነው! ያን ቀን አንድ ሰው ቂጡን አንዲት ስንዝር ፈቀቅ ቢያደርግልኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ስሚንቶ ባልጨረስክ!»

አሁን ነጋዴውም ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፁ አልተመለሰበትም፤ የሄደው ወደ ወንድሙ ነው። ወንድሙ እፍኝ ሙሉ እሸት መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ፈልፍል» አለው።

በማግሥቱ ግንበኛው ተጠራ። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም፤ መዶሻውን ይዞ ነው የመጣው። ድፍኑን ግድግዳ በሰፊው ከፈተውና ፀሐይና የሽንኩርት ጠረን ተያይዘው ሳሎን ገቡ። በሳሎኑና በሰርቪሱ መካከል ያለችውን መተላለፊያም ቆርቆሮ አለበሳት፤ ከዚያ ወዲህ ወጥ በጃንጥላ ሄዶ አያውቅም። በግድግዳው ዙሪያ ረጅም መደብ ተሠራ፣ ፍራሽና ትራስ ተደረገበት፤ ለስንት ሰው ይበቃል ብትል ጠጋ ላለ ሁሉ ይበቃል። ነጠላው ሶፋ? ዕቃ ቤት ገባ። ዶሮዋ ትጥልበታለች። ፕላስቲኩ እንዳለ ነው!

አሁን ይታገሱ፣ ያንን ፕላን ዘርጋው። ይኸው፣ ይሄ ግማሹን ወረቀት የወሰደው ሳሎን ነው አይደል? ሚስትህ ጠዋት የት ነው የምትቀመጠው? ጣትህን አድርግበት። ልጅህ የት ሆኖ ያጠናል? እናትህ ብትመጣ የት ሆና ጎመን ትቀነጥሳለች? አየህ፣ ጣትህ ማረፊያ አጣ! ያ ነጋዴ አንተ ነህ፣ የእኔ ጌታ። ይሄ ሳሎንም ነጠላው ሶፋ ነው። ይመጣል ለምትለው ሰው ስትል ያለውን ሰው ከቤት ልታስወጣው ነው፤ የሚመጣው ሰው ደግሞ የሚመጣው ያለውን ሰው ብሎ ነው። ስፋት የናፈቀውማ ሜዳ አለለት!

እንግዲህ ስንት በስንት ብለህ አትጠይቀኝ። መጀመሪያ ሰዎችህ የሚውሉበትን ቦታ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል አድርግ። ማድ ቤቱን አታርቀው፤ የምታበስለዋ ሴት ጨዋታው እንዳያመልጣት። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግቢውን ይይበት። ከዚያ የተረፈውን ሳሎን በለው፣ ምንም በለው።

ሂድ አሁን፣ እርሳሱን ለሚስትህ ስጣት። ቤቱ ያለቀ ዕለት እመጣለሁ፤ ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ገና አስፋልቱ ላይ ሳለሁ ይሰማሃል። ወንበር እንዳታዘጋጅልኝ። አንተ ብቻ ጠጋ በልልኝ።