ፉርጎን ልንሸከም የሄድን ዕለት

ታኅሣሥ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። የሬዲዮው የስፖርት ፕሮግራም ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ ሰዓቱን አልስትም።

በድሬዳዋ ለቅሶ ቤት፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ከቤተሰቡ በላይ ሲያለቅስ ቀስ ብለው የሚጥሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙ ሰው ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። አይደለችም። እኔ ፊት ነው የተባለችው፤ ለዚያውም ስለ እኛ፣ ስለ አርባ የንስር ቡድን ደጋፊዎች። ከነመነሻዋ ልንገራችሁ።

ጋዜጠኛው «የቀድሞው የንስር አጥቂ ፉርጎ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ አርፏል» አለ። ሌላ አልጨመረም። ወዲያው የእንግሊዝ ጨዋታዎችን ውጤት ማንበብ ቀጠለ።

ፉርጎ ያልነው እንደ ባቡር ፉርጎ ከባድ ሰው ስለነበረ ነው። ለመነሳት ይዘገያል፤ አንዴ ከተነሳ ግን ማንም አያቆመውም። በ1974 የመጨረሻውን ጨዋታ በእሱ ጎል አሸንፈን፣ ከስታዲየም እስከ ባቡር ጣቢያ በትከሻችን ይዘነው ሄድን። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ግራ ጭኑ እኔ ትከሻ ላይ ነበር። ከላይ ሆኖ እየሳቀ «ስሞትም እናንተው ናችሁ የምትሸከሙኝ፤ ደግሞ እንዳትጥሉኝ!» አለን። «እኛው! እኛው!» ብለን ጮኽን።

ስለዚህ መሞቱን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ቃል ነው። ሳጥኑ በሌላ ሰው ትከሻ መሄድ የለበትም። ቀብር አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እንደርሳለን ብዬ ጓደኞቼን ልጠራ ሮጥኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ አርባ ሆነን ተሰበሰብን። ሁላችንም ቢጫ ሻርፓችንን አድርገናል፤ ከበሮዬን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

«ቤቱን ማን ያውቃል?» ስል ጠየቅሁ።

«ላቀው ነዋ!» አለ ዑመር ባለጎማው።

«ዓይኔን ጨፍኜ አደርሳችኋለሁ» አለ ላቀው። ላቀው ለሃያ ዓመት «እኔና ፉርጎ» ብሎ የማይጀምረው ወሬ አልነበረም። አመንነው።

ድልድዩን ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን መንገድ ዘግቶ የተተከለ ድንኳን አየን። ላቀው «ይኸውላችሁ!» አለ። ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር፤ የምን እፎይታ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

እየጮኽን ገባን። «ፉርጎዬ! ትከሻዬ ባዶውን ቀረ!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ለቀስተኛው ደንግጦ ተነሳልን። ለቅሶ የመጣን ሰው «ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አግዳሚውን ለቀው አስቀመጡን፣ ውሃ ሰጡን፣ ንፍሮ አዞሩልን።

ትንፋሻችን ሲመለስ ጨዋታው መጣ።

«በግንባሩ የገጫት ትዝ ትላችኋለች?» አለ ዑመር። «በረኛው ከነኳሱ መረብ ውስጥ ገባ እኮ!»

«ጫማው ወልቆ በካልሲ ያገባትስ?»

«እሷን ለእኔ ነው ያገባት» አለ ላቀው። «ጠዋት 'ላቀው፣ የዛሬዋ ያንተ ናት' ብሎኛል።»

«አቦ ሂድ! አንተ ያን ሰሞን ወባ ይዞህ ተኝተህ አልነበር?»

ሳቅንም አለቀስንም። የድንኳኑ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ድንቁ፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና... እትዬ ወሰንየለሽ ኳስ ይጫወቱ ነበር እንዴ?»

«እትዬ ወሰንየለሽ ማን ናቸው?»

«ሟቿ ናቸዋ!»

ከበሮው ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ላቀውን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል።

«እኔ እኮ ስንቀርብ ዑመር ያሳየናል ብዬ ነው...»

«እኔ? እኔ የት አውቄው!»

አንድ በአንድ ተያየን። ከአርባ ሰው አንድም ፉርጎ ቤት የገባ የለም። ጋሽ ድንቁ ፉርጎ የሚባል ሰው እንደማያውቁ ነገሩን። ትክክለኛ ስሙን ሲጠይቁን እንኳ ተከራከርን፤ አንዱ ዘውዱ ይላል፣ ሌላው ዘውገ።

«ዘውገ አርጋው እንዳይሆን? ያ እግሩን የሚያመው? እሱም ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ይል ነበር።»

«እሱ ነው! እሱ ነው!»

«እሱንማ ሐሙስ ቀበርነው።»

 ጋሽ ድንቁ እንዳይጎዱን ይመስላል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስከ አሥር ሰዓት ተኩል አቆየነው። 'የእኔ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ሳይመጡ እንዳታነሱኝ' ብሎ ተናዞ ነበር። በኋላ ቄሶቹ ተቆጡን። ለአምስት ተሸከምነው፤ ከባድ ሰው ነበር።»

«ቤቱ የት ነው?» አልኩ።

በእጃቸው አሳዩኝ። የድንኳኑ ገመድ የታሰረው በእሱ መስኮት ብረት ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ኖሮበታል።

«ጨዋታ ባላችሁ እሁድ ከበሮ እየመታችሁ በዚህ ስታልፉ፣ ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ ይጠብቃችኋል። 'ሰዎቼ መጡ' እያለ በምርኩዙ መሬቱን ይመታ ነበር። ታዲያ ያ የምትጠሩት ፉርጎ እሱ ራሱ ኖሯል? አንድ ቀን እንኳ 'እኔን ነው' አላለንም።»

ያን ሰው አውቀዋለሁ። በሽታ ከዕድሜው በላይ ያስረጀው፣ ጢሙ የነጣ፣ ጠባቡን መንገድ ይበልጥ የሚያጠብ ሰው። ከፊት የምሄደው እኔ ስለሆንኩ፣ ባለፍን ቁጥር «አባባ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልን!» የምለው እኔ ነበርኩ። ፈገግ ብሎ የታመመ እግሩን በእጁ ይሰበስባል። እኔም አልፌው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፉርጎ! ፉርጎ!» እያልኩ አስጨፍራለሁ።

ተነስተን መሄድ አልቻልንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእትዬ ወሰንየለሽ ሳጥን ወጣ። ሁለት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ዑመር ቀድሞ ተነሳ፤ ተከተልነው። ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸውን ሴት እየተፈራረቅን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸከምናቸው። ቀላል ነበሩ።

ከፍታቱ በኋላ አንድ ወጣት ቄስ ያን ሁሉ ቢጫ ሻርፕ አይተው ጋሽ ድንቁን ጠየቋቸው።

«እነዚህ ሁሉ የሟቿ ልጆች ናቸው?»

«የዘውገ ወዳጆች ናቸው፣ አባ።»

«የሐሙሱ ዘውገ? ታዲያ ሐሙስ ዕለት የት ነበሩ?»

ጋሽ ድንቁ ዞረው አዩን፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ «አይፍረዱባቸው አባ፤ ያጨበጨበ እጅ በር አያንኳኳም» አሉ።