ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞረው ሰውዬ

በአንድ ወቅት፣ ሠዓሊ ሁሉ ቅዱሳንን ብቻ በሚሥልበት ዘመን፣ ከዓባይ ገደል አፋፍ ላይ አለቃ ወልደ ሰማዕት የሚባል እልኸኛ ሠዓሊ ይኖር ነበር። ደብሩ ለግድግዳ ሥዕል በሰጠው አቡጀዲ ላይ ምን ቢሥል ጥሩ ነው? ገደሉን! ጉሙን ሣለ፣ ከጉሙ በላይ ዝናብ ያረገዘውን ሰማይ ሣለ፤ ከግርጌው ደግሞ ጣት የማያህል ሰውዬ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ አቆመ።

ካህናቱ ተቆጡ። በሥዕል ወግ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይኼኛው ጭራሽ ዓይኑ አይታይም።

«ጻድቅ ነው ወይስ ኃጥእ?» አሉት።

«የሚያይ ሰው ነው። እናንተም ዞር ብላችሁ እዩ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ተራበ እንጂ ከሐሳቡ አልተመለሰም። ሊሞት ሲል ሽማግሌዎችን አስጠርቶ፣ «ይህን ሥዕል ለእሱ ሲል ምንም ላልፈራ ሰው ስጡልኝ። ብሩሽ ግን ማንም እንዳያሳርፍበት» ብሎ ተናዘዘ። ለልጁ ለአንጓች ከአባቷ የቀረላት ይኸው ጨርቅ ብቻ ነበር።

አለቃ በተቀበረ በሳምንቱ ካህናቱ፣ «አቡጀዲው የደብሩ ነው፤ ሥዕሉ ይቃጠል» አሉ። ይኼኔ የአለቃ ደቀ መዝሙር ቢያድግልኝ ብድግ ብሎ፣ «ጨርቁ ለምን ይባክናል? ጊዮርጊስን ልሣልበት» አለ። ሣለበትም፤ በደብሩ ግድግዳም ተሰቀለ። የፈረሱ ኮቴ ልክ በትንሹ ሰውዬ ላይ አረፈ። አንጓች ቢያድግልኝ እግር ሥር ተፋች። እሱ ግን ቀለሙን ያለ ሙጫ በውኃ ብቻ መበጥበጡን፣ ሲታጠብ እንደሚለቅ፣ ለእሷ እንኳ አልተነፈሰም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሃዲ ሲባል ዝም አለ።

በአራተኛው ክረምት የደብሩ ጣሪያ አፈሰሰ። አንጓች ልትሳለም ገብታ ቀና ብትል የቅዱሱ ካባ ወርዶ የአባቷ ሰማይ ብቅ ብሏል። የላይኛው ቀለም በውኃ እንደሚለቅ ገባት። በንግሥ ቀን፣ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሳለ፣ «ሰማዕቱ ይቅር ይበለኝ» ብላ የነጠላዋን ጫፍ በውኃ ነክራ ማጠብ ጀመረች። ኮቴው ጋ ስትደርስ ግን ንዴቷ ባሰባትና ፈተገችው። ኮቴውም ሄደ፣ ትንሹ ሰውዬም አብሮ ሄደ። ካህናቱ «ይዘሽው ውጪ!» ብለው ከማኅበር አባረሯት። እሳት የሚያውሳት ጎረቤት እንኳ አጣች። እሷን ያንገበገባት ግን የጠፋው ሰውዬ ነበር።

ዳምጤ የሚባል የወሎ ሠዓሊ ደግሞ አለ። አለቃ በሕይወት ሳለ በመንገዱ አንድ ቀን አድሮ ሥዕሉን አይቷል። ያቺ አንድ ቀን በቃችው። አገሩ ገብቶ የራሱን ተራራ ሣለ፤ በየሥዕሉ ግርጌም ያንን ሰውዬ አቆመ። ከሁለት ደብር በዱላ ተባረረ፤ ያም ሆኖ ዛሬ በአገሩ ተራራና ሜዳ የሚሥሉ ሁሉ የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ሥዕሉ ተገልጦ ከደብሩ ወጣ ሲባል ሰምቶ አንጓች ቤት መጣ። ቦታው ባዶ መሆኑን ሲያይ፣ እሷ ውኃ ልትቀዳ በወረደችበት ሰውዬውን መልሶ ሣለው። አንጓች ስትመለስ ጮኸች። ከዚያ ቀረብ ብላ አየችው። አባቷ የሣለው ያው ጎበጥ ያለ ትከሻ ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሦስቱም «ሥዕሉ ለእኔ ይገባል» ብለው፣ ኑዛዜውን የሰሙት ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር በተቀመጡበት ቀረቡ።

«ባልሸፍነው አመድ ነበር» አለ ቢያድግልኝ።

«ባላጥበው እስከ ዛሬ ከፈረስ ሆድ ሥር ነበር» አለች አንጓች።

«እኔ ባልመጣ ሰውዬው የለም። ስጡኝና ለተማሪዎቼ ላሳየው» አለ ዳምጤ።

ዋናው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተ ሁለታችሁ ኑዛዜውን ጥሳችሁ ብሩሽ አሳረፋችሁበት። አንቺ ደግሞ ልጄ፣ የአባትሽን የእጅ ሥራ ፋቅሽ።»

«ፍቄያለሁ፣ አባቴ። ያ ኮቴ ዛሬም ቢኖር እፍቀዋለሁ» አለች አንጓች። «ከሰጣችሁኝ ከደብሩ ትይዩ፣ ከቤቴ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ማየት ያልፈለገ ፊቱን ያዙር!»

ሽማግሌዎቹ ፍርድ አልሰጡም። ሥዕሉ ዋርካው ሥር ተደግፎ ቀረ። እንግዲህ እናንተ ተነሡና ተሟገቱበት፦ ከሃዲ ተብሎ ከደበቀው፣ ተባርራ ከገለጠችው፣ ተደብድቦ ካቆየው፣ ለዚያ ሥዕል ሲል ምንም ያልፈራው ማን ነው? ለማንስ ይገባል?