አልማርኩም የተባለው መሬት

በዋንዛ ምንጭ ዙሪያ ያሉት እርሻዎች እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ጫፋቸው ምንጩ ላይ ገጥሞ ወደ ውጭ እየሰፉ የሚሄዱ ናቸው። ከሁሉም የሚረዝመው፣ ዳሩ ላይ ትልቅ ድንጋይ የተቀመጠበት፣ አልማርኩም ይባላል። ስሙ ለምን ይህን ያህል እንደመረረ ሲጠየቁ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚያወሩት የአንጓችን ነገር ነው።

እንደሚነገረው አንጓች ባሏ በንዳድ ሲሞትባት፣ ዋርሳዋ ሸዋንግዛው የገዛ ወንድሙ አርባ እንኳ ሳይወጣ በሬዎቿን ነድቶ ወሰደ፤ እሷንም ከነከሏ ከቤት አስወጣት። ከዚያ ወዲያ ሰፌድ እየሰፋች ገበያ እያወጣች ኖረች፤ ወስፌውን አክርማው ላይ ባሳረፈችው ቁጥር የምትወጋው እሱን ነበር ይባላል። እግሯ ሥር ሳታየው ከሏን ላታወልቅ ምላ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መሬቱን እኩል እንዲያካፍላት ፈረዱበት። በዚያ አገር መሬት የሚካፈለው በገመድ ነው፤ አንዱን ጫፍ ምንጩ አጠገብ ካለ ችካል ያስሩና ሌላውን ወጥረው በመዞር ዳሩን ያሰምራሉ። ሸዋንግዛው ዓይኑ ውሃው ላይ ስለነበር በምንጩ በኩል፣ መሬቱ ከችካሉ ተነሥቶ የሚከፈትበት ሰፊው አፍ ለኔ ይሁን አለ።

«ይሁንልህ፣ ዋርሳዬ» አለችው አንጓች። «የኔ አፍ ያንተን ግማሽ ይሁን፤ ገመዴ ግን ያንተን እጥፍ ይርዘም።»

አፉ በግማሽ ከጠበበ፣ ገመዱም እጥፍ ከረዘመ ያው እኩል ነው ብሎ ሸዋንግዛው በሆዱ ሳቀ። ሞኝ!

«ኋላ አነሰኝ ብለሽ እንዳታለቅሺ፣ ዘንድሮ ሁለቱንም ከገዛ ጎተራዬ ዘርቼ እኩልነቱን አሳይሻለሁ። እንደተሰመረ ይቅር!» ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ።

ዘር ሲደርስ የራሱን መሬት ዘርቶ ጨረሰና ወደ እሷ ዞረ። ያንኑ ያህል ገብስ ቢበትን መሬቱ ገና እኩሌታው ላይ ነው። እንደገና ያንኑ ያህል አስወጣ፤ ጎተራው ተራገፈ፤ ሚስቱ እሪ አለች። አንጓች ዳር ቆማ እያንዳንዷን እፍኝ በዓይኗ ስትሸኝ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

«አታለለችኝ!» ብሎ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሮጠ። ጠየቋት።

«ሰፌድ የሰፋች ታውቀዋለች» አለች። «ከመሃል እስከ ዳር ያለውን እጥፍ ባደርገው አክርማው አራት እጥፍ ይፈጃል፤ በርዝመቱም በዙሪያውም ያድጋላ። አፉን በግማሽ ስላጠበብኩለት ካራቱ ግማሹ ቀረ፤ እጥፉ ደረሰኝ። እኔ እንደሆንኩ የሰው በሬ አልነዳሁም።»

ሽማግሌዎቹ መሐላውን አስታውሰው እንደተሰመረ ይቅር አሉ።

ቤቱን ረሃብ ሲያንኳኳው ሸዋንግዛው እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ «ምሬሃለሁ፣ አውርድ» እስክትለው ጠበቀ። እሷ ግን «ተነሥ፣ ተከተለኝ» ብላ ከምንጩ ጀምራ በወሰኑ መራችው። ያን የሳቀበትን ገመድ ሙሉ ርዝመቱን በላብ ተጉዞ ዳሩ ላይ ደረሰ።

«እዚህ ጣለው» አለችው። «የወሰን ድንጋይ ስለቸገረኝ ነው እንጂ አልማርኩህም።» ከዚያም ከሏን አውልቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች ይባላል።

ዛሬም ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ የተሸከመ ሰው በአልማርኩም አያቋርጥም፤ ዞሮ ይሄዳል። የአንጓች ዘሮች ደግሞ በየዓመቱ ዘር ከመጀመራቸው በፊት ያለፈው ክረምት ያዘመመውን ያን ድንጋይ ቀና አድርገው ያቆሙታል። ከመካከላቸው «ምሬሃለሁ» ያለ እስከ ዛሬ አልተገኘም።