ለመሬት የተጠነሰሰው እንስራ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ እንስሳቱን ሁሉ ሰብስቦ መሬት ባከፋፈለበት ዘመን፣ ለእመት አህያ የደረሳት ከኮረብታው አናት ላይ ያለች ቀይ መሬት ነበረች። ቁራሿ ትንሽ ናት፤ ግን ፀሐይ ያገኛታል፣ ውሃ አይተኛባትም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጅብ ሰፈር ሩቅ ናት። አህያ ከዚህ የተሻለ መሬት ከየት ታገኛለች?

ነገር ግን አንበሳ መሬቱን ሲያከፋፍል አንድ ሕግ አብሮ አውጥቷል። ሦስት ክረምት ተዘርቶበት ሦስቱንም ያላፈራ መሬት ከባለቤቱ ተወስዶ ለጠየቀው ይሰጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ገደሉ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ይሰፍራል። ያ ቦታ ባዶ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አጠገቡ የአያ ጅቦ ዋሻ አለ።

የእመት አህያ መሬት ሁለት ክረምት ከሽፎባታል። ይኸው ሦስተኛው ገባ። በቆሎው ጉልበቷ ድረስ ካደገ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ በዚያ ላይ ትል ገባበት። አንበሳ መጥቶ ሊያይ የቀረው አሥራ አምስት ቀን ነው። እመት አህያ እህል አልወርድ አላት። ከቅጠል ቅጠል እየዞረች ትል ትለቅማለች፤ ለቅማ ሳትጨርስ ወደ ገደሉ ታያለች፤ አይታ ሳትጨርስ ወደ ትሉ ትመለሳለች። ወደ ገደሉ ማየቱም አላረጋጋትም፤ አያ ጅቦ በየማለዳው እየወጣ ከድንበሯ ማዶ ቁጢጥ ይልና መሬቱን በዓይኑ ይለካል።

«እዚያ ጥግ መኝታዬን አደርጋለሁ፤» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እዚህ ደግሞ አጥንት አስቀምጥበታለሁ። እመት አህያ፣ አይክፋሽ፤ ገደል ስትወርጂ እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ።»

የጅብ ጥየቃ ምን እንደሆነ የማያውቅ አህያ የለም።

በጫካው ጠርዝ ጋውሪ የምትባል ነጭ ላም ትኖር ነበር። ከህንድ አገር በመርከብ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ሻኛዋ የተቆለለ፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ለምንም ነገር የማትቸኩል ላም ናት። እመት አህያ እያለከለከች ሄዳ ፊቷ ቆመች።

«እመት ጋውሪ፣ በእርስዎ አገር መሬት ሲደክም ምን ያደርጉለታል?»

«ያበሉታል፤» አለች ጋውሪ እያመነዠከች። «አረፍ በይና ልንገርሽ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። አንድ እንስራ ውሃ ትይዣለሽ። ከእኔ እበት አሥር እፍኝ፣ ከእኔ ሽንት አንድ ቅል ትጨምሪበታለሽ። ከሸንኮራ አገዳ ተፈልቶ የረጋ ጥቁር ስኳር አንድ እፍኝ፣ የሽምብራ ዱቄት አንድ እፍኝ። መጨረሻ ላይ ማረሻ ነክቶት ከማያውቅ ቦታ፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር፣ አንድ እፍኝ አፈር። ጥላ ሥር ታስቀምጪውና ጧትና ማታ ታማስዪዋለሽ። በሰባተኛው ቀን አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውሃ አቅጥነሽ መሬቱን ታጠጪዋለሽ።»

«አፈር እኔም ጋ ሞልቷል። የዛፉ ሥር አፈር ለምን ይሆናል?»

«ያንቺማ ደክሟል። የዛፉ ሥር አፈር እርሾ ነው። ውስጡ ዓይን የማያየው ሕይወት አለ፤ ስኳሩንና ዱቄቱን እየበላ ይበዛል፤ በዝቶ ሲገባበት መሬትሽ ይነቃል።»

ይሄኔ ለእመት አህያ ነገሩ ግልጽ አለላት። «ጠላ ነዋ፤» አለች። «ለመሬት የሚጠነሰስ ጠላ።»

«እሱስ ይመስላል። ግን የጠላ አፍ በጭቃ ይመረጋል፤ የዚህን በጨርቅ ብቻ ሸፍኚው፤ መተንፈስ አለበት። ታፍኖ የተነቀነቀ እንደሆነ ሸክላሽን ይሰነጥቀዋል። ለትሉ ደግሞ ሌላ አለ። ቆላ ወርደሽ ኒም ከሚባለው ዛፍ ቅጠል ታመጫለሽ፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር በሽንቴ ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ቅጠሉ ላይ ትረጪዋለሽ። ኒም መራራ ነው፤ አንዴ የቀመሰው ትል አይደግመውም።»

«ሰባት ቀን በዛ፤» አለች እመት አህያ። «በሦስት ቀን አይደርስልኝም?»

«እሱ ያንቺን ቀጠሮ አያውቅም፤» አለች ጋውሪና ማመንዠኳን ቀጠለች።

እመት አህያ የዚያኑ ዕለት ጠነሰሰች። ጧትና ማታ አማስዪው የተባለችውን ጧት፣ ረፋድ፣ ቀትርና ማታ አደረገችው። ጨርቁን ገልጣ ታያለች፤ ትሸፍናለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ ትገልጣለች። በአራተኛው ቀን አረፋ ደፋ። ጣፈጥ፣ ጎምዘዝ ያለ ሽታም ከኮረብታው ወረደ። የሽታውን ዱካ ይዛ የመጣችው እመት ቀበሮ ናት።

«እህቴ፣ ምን ደግሰሽ ነው ሽታው አገሩን የሞላው?»

የጨነቀው አፉን አይዘጋም። እመት አህያ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ሰባቱ ቀን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ይባስ ብላም በስድስተኛው ቀን ጧት ቅጠል ልታመጣ ቆላ እንደምትወርድ አከለችበት።

«በርቺ እህቴ፤» አለችና ቀበሮ በቀጥታ ወደ ገደሉ ወረደች። ምክንያት ነበራት። አያ ጅቦ ኮረብታውን ካገኘ ዋሻውን ለእሷ ሊተውላት ቃል ገብቶላታል።

«አያ ጅቦ፣ ጉድ ሆነናል። አህያ ለአንበሳ ጠላ እየጠመቀችለት ነው። እሱን ጠጥቶ ልቡ ሲራራ መሬቱን ይተውላታል።»

«ምን ምን አለበት?» አለ ጅብ።

«ስኳር፣ የሽምብራ ዱቄት።»

«ሌላስ?»

«እበት።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ሙያስ አላት፤» አለ።

በስድስተኛው ቀን ጧት እመት አህያ ቆላ ስትወርድ እሱ ኮረብታውን ወጣ። እንስራውን አገኘው። ጨርቁን ገልጦ ሊጠጣ አጎነበሰ፤ ግን ቀበሮ ከዋሻው ሆና እየጠበቀችው ነው፤ እዚህ ጀምሮ እዚያ ጎዶሎ ይዞ ቢሄድ ትጨቀጭቀዋለች። ስለዚህ እንዳይፈስበት ብሎ አፉን በጭቃ ጥርቅም አድርጎ መረገው። ከዚያ በገመድ ጀርባው ላይ አሰረና መንገድ ጀመረ።

ጅብ ባይሆን ኖሮ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። እሱ ግን ባለቤቷ የሌለችበትን መሬት ሲያይ አላስችል አለው። በዓይኑ ሲለካው የከረመውን ዛሬ በእግሩ ሊለካው ፈለገ። የዳር ዳሩን የበቆሎ መስመር ይዞ፣ እንስራውን እንዳዘለ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ አራቱንም ማዕዘን ዞረ። ከአራት በላይ መቁጠር አይችልም። የታፈነው እንስራ በየእርምጃው እየተነቀነቀ ቆየና ገና የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ሆዱ ጧ አለ። ፈሳሹ በጅብ ጀርባ፣ በጎኑ፣ በእግሩ እየወረደ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ባለ መሬት መሆን እንዴት ያልባል፤» አለ አያ ጅቦ፣ እየተደሰተ።

ልኬቱን ጨርሶ ወደ ገደሉ ሲወርድ የክረምቱ ዝናብ ወረደ። የፈሰሰውን ሁሉ አቅጥኖ ወደ መሬት አሰረገው። ዋሻው ደርሶ ጭቃውን ሲያነሳው ከእንስራው ሥር የተረፈው አንድ ጉንጭ አተላ ነው። ቀበሮ እንስራውን አየች፣ ጅቡን አየች፣ አንገቷን ነቀነቀች። ጅብ አተላዋን ላሰና እንስራውን ከዋሻው ደጃፍ ጣለው።

እመት አህያ ቅጠሏን ተሸክማ ስትመለስ ጥላው ሥር ጨርቁ ብቻ ተጥሎ አገኘችው። ተቀምጣ አለቀሰች። ስድስት ቀን ያማሰለችው፣ እየገለጠች ያየችው፣ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችበት ነገር ነው። እያለቀሰች ሳለ ቀበሮ እግረ መንገዷን የመጣች መስላ ብቅ አለች።

«ሰምቼ አዘንኩ፤» አለች። «ለመሆኑ አንበሳ የሚያየው ቅጠሉን አይደል? ለምለም ሣር ወቅጠሽ ጭማቂውን ቅጠሉ ላይ ቀቢው። ቀርቦ አያሸት።»

እውነቱን እንናገር፤ እመት አህያ ሣሩን ወቀጠች። ያን ያህል ፈርታ ነበር። አንዱን በቆሎ ከላይ እስከ ታች ቀባችው፤ አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛውን ስትጀምር ዝናቡ ተመልሶ መጣና የመጀመሪያውን አጠበው። ከሥሩ ያው ቢጫ ወጣ። የወቀጠችውን ሣር በላችውና ወደ ጋውሪ ሄደች።

«እንደገና ጠንስሺ፤» አለች ጋውሪ።

«ነገ ብጠነስስ የሚደርሰው አንበሳ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በአንድ ቀን ቅጠል ይለወጣል?»

«አይለወጥም።»

«ታዲያ ለምን እጠነስሳለሁ?»

«መሬቱ ስለራበው።»

እመት አህያ ሌላ እንስራ ፈልጋ አመጣች። በማግስቱ ጠነሰሰች። ኒሙንም ቀቅላ በጭራዋ እየነከረች ረጨችው፤ ትሉ በሦስት ቀን ውስጥ እየረገፈ አለቀ። የበቆሎው ቢጫነት ግን እንዳለ ነው። አንድ ማለዳ የዳር ዳሩ በቆሎ ጠቆር ያለ መሰላት። «ዓይኔ ነው፤ እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ቀኔ፤» ብላ ወደ ማማሰያዋ ተመለሰች። በአሥራ አራተኛው ቀን አንዱን በአሥር አቅጥና፣ በቅል እየቀዳች፣ ከጧት እስከ ማታ መሬቷን አጠጣች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አንበሳ መጣ። አያ ጅቦ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ቀበሮን አስከትሎ፣ ከሁሉም ቀድሞ ደርሷል። ጋውሪም ቀስ ብላ መጥታ ከዳር ቆመች። አንበሳ ማሳው መሃል ገብቶ ቅጠሉን አገላብጦ አየ።

«ትሉ ጠፍቷል፤» አለ። «ግን ቢጫ ነው።»

«አዎ ጌታዬ፤» አለች እመት አህያ። ከአሁን በኋላ የምታድርበት ገደል በዓይኗ መጣባት።

«ሕግ ነው እንግዲህ፤» አለ ጅብ።

አንበሳ እያዘነ ሊወጣ ሲል ድንበሩ ላይ ቆመ። ከመሃል ሆኖ ልብ አላለውም፤ አሁን ግን አፍንጫው ሥር ነው። የዳር ዳሩ የበቆሎ መስመር፣ በአራቱም ማዕዘን፣ ከሌላው በክንድ በልጦ ድብን ያለ አረንጓዴ ሆኗል። ከአንዱ ጥግ ደግሞ የለመለመ የሣር መስመር ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል።

«ይህን ያለማው ማነው?» አለ አንበሳ።

እመት አህያም ገና አሁን ነው በደንብ ያየችው። «አላውቅም ጌታዬ፤» አለች።

አያ ጅቦ ምስጋናው ባለቤት ሲያጣ ዝም ማለት አልቻለም። «እኔ ነኝ፤» አለ። ቀበሮ ጭራውን ጎተተችው። «ምን ትጎትችኛለሽ? ጌታዬ፣ መሬቱን ስለካ የሄድኩበት መስመር ነው፤ አውቀዋለሁ። እግሬ እንዲህ ነው፤ የረገጥኩት ይለመልማል። መሬቱን ቢሰጡኝ ሁሉንም እረግጠዋለሁ።»

«ስትለካ ባዶህን ነበርክ?»

«ባዶዬንማ አይደለም። እንስራ አዝዬ ነበር።»

«ምን ዓይነት እንስራ?»

ጅብ አሰበ። ነገሩ ወደ መጥፎ አቅጣጫ መሄዱ ገባው፤ ስለዚህ በጣም ተጠንቅቆ መለሰ።

«የሚያፈስ፤» አለ።

አንበሳ አረንጓዴውን መስመር ተከትሎ ቁልቁል ወረደ። ሁሉም ተከተሉት። ጅብ ሸክም ከብዶት አረፍ ባለበት ሁሉ ሰፌድ የሚያህል ልምላሜ አለ። መስመሩ ያለቀው ከዋሻው ደጃፍ ነው። እንስራው እዚያው ተጋድሟል፤ አፉ ዙሪያ የተረፈው ጭቃ ደርቋል፣ ሆዱ ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ ሥር የበቀለው ሣር ደግሞ ቁመቱ እንስራውን በልጦታል።

«እንስራው የኔ ነው፤» አለች እመት አህያ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ቅጠል መቀባቷንም አልደበቀችም።

አንበሳ ጎንበስ ብሎ ሣሩን አሸተተ። «የሌባ ጠብታ ይህን ካበቀለ፤» አለ፣ «ትናንት በሥርዓቱ የጠጣው መሬት ምን እንደሚያበቅል መስከረም ላይ መጥቼ አያለሁ። እስከዚያ መሬቱ ያንቺ ነው። አያ ጅቦ፣ አንተ እግርህ ያለማል ብለሃል። ከዛሬ ጀምሮ ከእመት ጋውሪ በረት እስከ ኮረብታው ጧትና ማታ እበት እያዘልክ ትመላለሳለህ። እየላስክ እንዳታጎድለው።»

ቀበሮ ጉዳይ እንዳላት ተናግራ ዞር ማለት ጀምራ ነበር። «አንቺ ደግሞ፤» አለ አንበሳ፣ «የኒሙን ቅጠል ከቆላ ታመጫለሽ። በአፍሽ እየቀጠፍሽ።»

መስከረም ሲጠባ የእመት አህያ በቆሎ ከጆሮዋ በላይ ሆነ። አንበሳም መጥቶ አየ፤ ሕጉም ከእሷ ላይ ተነሳ። አያ ጅቦ ግን እበቱን አውርዶ ሲመለስ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዛሬም ድረስ «የኔ እግር እኮ ነው» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ መሬት የተሰጠውን ደብቆ የማያስቀር በመሆኑ፣ ማን እንደለፋ፣ ማን እንደሰረቀም ቀኑን ጠብቆ ራሱ አብቅሎ እንደሚያሳይ ነው።